ዳላስ ለምትገቡ፦ መጀመሪያ ስራው የት ነው?

እንኳን በሰላም ገባችሁ። ዳላስ ሰፊ ናት። ከተማዋ ብቻዋን 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰው አላት፤ ከፎርት ወርዝና በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ግን ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን፣ ፕሌኖ ሲባል ሰፈር ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ ነው። "ዳላስ ስራ አለ" የሚላችሁ ሰው ሲገኝ "ዳላስ የቱ ጋ?" በሉት።

ስራ በእርግጥ አለ። ከተማዋ ያደገችው በጥጥና በባቡር ነው፤ ቀጥሎ ባንኮቿ ለምሥራቅ ቴክሳስ ነዳጅ ገንዘብ አበደሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢንጂነሩ ጃክ ኪልቢ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የፈለሰፈው እዚሁ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል ኩባንያ ውስጥ ነው። ዛሬ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ቴሌኮሙም፣ ጭነቱም ስላለ ከተማዋ በአንድ ዘርፍ ላይ አልተንጠለጠለችም። ለአዲስ ሰው ግን ቶሎ የሚገኘው ስራ ትልቁ ኤርፖርትና በዙሪያው ያሉት መጋዘኖች ጋ ነው።

እኔ ለዘመድ ልቅረብ ብዬ ጋርላንድ ቤት ያዝኩ። ስራው የተገኘው ኤርፖርቱ አካባቢ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ፈረቃዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ባቡሩ እስከ ተርሚናሉ ይሄዳል፤ መጋዘኑ ግን ከዚያም ሩቅ ነው፣ ለፈረቃዬም አይደርስም። ሁለት ወር ሙሉ ምሳዬን በፌስታል ይዤ፣ በጨለማ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ስጠብቅ ነበር። እባካችሁ፣ የዓመት ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል) ከመፈረማችሁ በፊት በፈረቃችሁ ሰዓት መንገዱን አንድ ቀን ሂዱበት። ሊዝ ማፍረስ ያስከፍላል።

ቴክሳስ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም። የፌደራሉ፣ የሶሻል ሴኩሪቲውና (ለጡረታ) የሜዲኬሩ (ለአረጋውያን ሕክምና) ግን ይቆረጣል። ዕቃ ስትገዙም 8.25 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨመራል፤ ቤት የሚበሰል አስቤዛ አብዛኛው ነፃ ነው።

መብራት ሌላ ጉዳይ ነው። ዳላስ ውስጥ ኩባንያውን የምትመርጡት ራሳችሁ ናችሁ፤ ጋርላንድ ግን አብዛኛው ቤት ከከተማው አስተዳደር ነው የሚያገኘው። ክሬዲት (ዕዳና ቢል በወቅቱ የመክፈል ታሪክ) ለሌለው ሰው ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ) ሊጠይቁ ይችላሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲያልፍ ኤሲው ቀን ከሌት ይሰራል፤ ቢሉን ከቤት ኪራዩ ጋር አብራችሁ አስቡት።

መኪና ስትገዙ ደግሞ ቶል (የሚከፈልባቸውን) መንገዶች ልብ በሉ። ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሳና ቢሉ በፖስታ ይመጣል። ቤት ስትቀይሩ መኪናው የተመዘገበበትን አድራሻ በዚያው ሳምንት ቀይሩ፤ ያላያችሁት ቢል ቅጣት እየጨመረ ይጠብቃችኋል።