ለበጎ ፈቃድ ሕክምና ወደ አገር ቤት የምትሄዱ፣ ከሻንጣው በፊት ስልኩ

ሜሪላንድ ውስጥ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። እንቅርት ከሚሠሩ ሐኪሞች ጋር ጅማ ዞን ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በየዓመቱ ጉዞው ሲቃረብ ስልኬ ይጮኻል። "እኔም ዘንድሮ ልሄድ አስቤያለሁ፤ ምን ልያዝ?" ይሉኛል። እኔም መልሼ "እዚያ ማንን አናገራችሁ?" እላለሁ።

በመጀመሪያው ጉዟችን ማንንም በደንብ አላናገርንም ነበር። ደብዳቤ ተጻጻፍን፣ ዘጠኝ ሻንጣ ዕቃ ጭነን ሄድን። ግማሹ ጓንትና ጋውን ነው። የሆስፒታሉ መጋዘን ጓንት ሞልቶታል። ያጡት የካውተሪ ፓድ ነበር፤ ካውተሪ የደም ሥርን በኤሌክትሪክ አቃጥሎ ደም የሚያቆም ማሽን ነው፣ ፓዱ በሽተኛው ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ማሽኑ አለ፣ ይሠራል፣ ፓዱ ግን ካለቀ ቆይቷል። እንቅርት ደግሞ ደም ይበዛበታል። ሐኪሞቻችን እያንዳንዷን የደም ሥር በክር እያሰሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሠሩ። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወረፋ ይዘው ከነበሩት ስድስቱ ሳይሠራላቸው ተመለሱ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት እናት አንገታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም ብለው ሰሙኝና "በሚመጣው ዓመት ትመጣላችሁ?" ብቻ አሉኝ። ፓዱ እኮ ከአንድ የጫማ ካርቶን የማይበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው።

ስለዚህ ከአራት ወር በፊት ደውሉ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደለም። እሳቸው "ሁሉም ነገር ያስፈልገናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" ነው የሚሏችሁ። ይሉኝታ አለ፤ ለእንግዳ የጎደለን መዘርዘር ይከብዳል። የኦፕራሲዮን ክፍሏን ኃላፊ ነርስ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውንና የመድኃኒት መጋዘኑን ሠራተኛ ለየብቻ አናግሩ። "ምን ይጎድላችኋል?" ብላችሁም አትጠይቁ። "ባለፈው ሳምንት ኦፕራሲዮን ስትሠሩ መሀል ላይ ያጣችሁት ነገር ምን ነበር?" በሉ። እኔ ይህን ስጠይቅ ሲስተር ትንሽ አሰበችና "ሁለት ዜሮ ክር፣ የላሪንጎስኮፕ አምፖል፣ የሰክሽን ጎማ" አለችኝ። የስፌት ክር፣ የጉሮሮ ማያ መብራትና ደም የሚመጠጥበት ጎማ ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር በኢሜይል አይገኝም።

ስለ መብራቱና ኦክስጅኑም ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በስንት ደቂቃ ይነሳል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የኦክስጅን ሲሊንደር ስንት አላቸው፣ የሚሞላውስ የት ነው? ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? የማሽኖቹን ጀርባና ሶኬቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ማሽናችሁ ላይ "100-240" ተብሎ ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። "120" ብቻ ከሆነ ግን በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ሰክሽን ማሽን አምጥቶ በደቂቃ ውስጥ ሲጨስ ያየ ቡድን አውቃለሁ።

ወረቀቱ ጊዜ ይፈልጋል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለን ሰዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ በሽተኛ ለመንካት ፈቃድ አይደለም። ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲፕሎማችሁንና የሥራ ፈቃዳችሁን አረጋግጣችሁ ለተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድማችሁ ላኩ። በምን በኩል እንደሚያልቅ እነሱ ያውቁታል። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ለማስገባት ደግሞ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ መያዝ አለባችሁ። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ብዛት፣ ባች ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀንና ዋጋ ጻፉ። የትኛው ሻንጣ ውስጥ እንዳለም ጨምሩበት። ዝርዝሩና ሻንጣው አንድ መሆን አለባቸው። በመጨረሻው ሌሊት "ይህቺንም ልጨምር" ብሎ መወርወር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መድኃኒት ስጡ ይላል። እዚህ ደግሞ ሆስፒታሎች ሊያበቃ ሦስት ወር የቀረውን በካርቶን ይሰጧችኋል። አመስግናችሁ ተዉት። እዚያ ያለው ፋርማሲስት ጊዜው ያለፈበትን ለማስወገድ ኮሚቴና ወረቀት ይጠብቀዋል፤ የእናንተን ቆሻሻ ለእሱ ማስረከብ ነው። ሞርፊን፣ ፈንታኒልና የመሳሰሉትን በሻንጣ አትያዙ። ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር ተነጋግራችሁ እዚያው ካለው ተጠቀሙ።

አሁን ስለራሳችሁ ጤና። "እኔ እኮ እዚያው ነው ያደግኩት" የሚል ሰው ያስፈራኛል። በልጅነት ወባ ደጋግሞት የነበረ ሰው ያገኘው መከላከያ ጥቂት ዓመት ከወባ አገር ሲርቅ ይጠፋል። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ ጅማ ግን ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በታች ስለሆነ አለ። ማላሮን የሚባለውን የወባ መከላከያ ኪኒን ከሰጧችሁ ከመግባታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ትጀምራላችሁ፣ በየቀኑ ትውጣላችሁ፣ ከወጣችሁ በኋላም 7 ቀን። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከወጣችሁ በኋላ አራት ሳምንት ነው። አጎበርም ያዙ።

ክትባቱን ከስድስት ወር በፊት አስቡት። ሄፓታይተስ ቢ ብዙውን ጊዜ ሦስት መርፌ ነው፤ ሦስተኛው የሚሰጠው በስድስተኛው ወር ነው። በፊት የወሰዳችሁም ደማችሁ ውስጥ መከላከያው መኖሩን አስመርምሩ። የቢጫ ወባ ክትባት በተወጉ በ10ኛው ቀን መሥራት ይጀምራል፤ የክትባት ካርዱ አሁን ለዕድሜ ልክ ነው። በ2020 ጉራጌ ዞን ውስጥ ቢጫ ወባ ተከስቶ ነበር፤ የጅማ መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በወልቂጤ ነው። ታይፎይድ፣ ቴታነስ፣ በበጋ ከሆነ ማጅራት ገትርም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

መርፌ ቢወጋችሁ ምን እንደምታደርጉ ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ አለመጭመቅ፣ የኤችአይቪ መከላከያውን በተቻለ ፍጥነት መጀመር። ከ72 ሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም። ሕክምናው 28 ቀን ነው። እኛ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መድኃኒት በሐኪም ማዘዣ ይዘን እንሄዳለን፤ በሌሊት ቁልፍ የያዘ ሰው እየፈለጉ ሰዓት ማባከን አይገባም።

ለራሳችሁ ብዙ አትያዙ። የጭንቅላት ባትሪ፣ የሚታጠብ ጫማ፣ ሁለት ስክራብ (የኦፕራሲዮን ክፍል ልብስ)፣ ሶፍት። ቆሎና በሶም፤ በሁለት ኦፕራሲዮን መሀል እንደ ቆሎ የሚያቆም ነገር አላየሁም። መሣሪያዎቹን ከፋፍላችሁ እሸጉ። መቀሱና መቆንጠጫው ሁሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ያ ሻንጣ ቢዘገይ ሥራው ይቆማል። የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው።

ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታት ቢይዛችሁ አይግረማችሁ። አንድ ሌሊት እረፉ። ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ ከዚያ ጊቤ በረሃን አልፋችሁ። በሌሊት አትንዱ። በነጋታው ጠዋት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሆስፒታሉ ሰዎች ጠይቃችሁ ተነሱ።

እዚያ ስትደርሱ ከእጃችሁ ይልቅ አፋችሁ ነው የሚሠራው። የቡድኑ አማርኛ ተናጋሪ እናንተ ከሆናችሁ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት።

አማርኛ ቻልኩ ብላችሁ ሁሉንም በሽተኛ ያነጋገራችሁ እንዳይመስላችሁ። ጅማ ዙሪያ ብዙው ሰው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ሳወራ በትሕትና ራሳቸውን የሚነቀንቁ እናት አንድም ቃል ላይገባቸው ይችላል። አስተርጓሚ ይዛችሁ እንኳ "የነገርኩዎትን መልሰው ይንገሩኝ" በሉ።

"ጾመው ይምጡ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ጭራሽ እርሷት። በሁለተኛው ጉዞ አንድ አዛውንት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ተኙ። ካርዳቸው ላይ "ጾመዋል" ይላል። የማደንዘዣ ባለሙያው መርፌውን ይዞ ቆሟል። እንዲያው ለወግ ያህል "አባቴ፣ ከመንጋቱ በፊት ምን ቀመሱ?" አልኳቸው። "ሱሁር ነዋ! ገንፎ" አሉኝ። ጾሙ ተባሉ፣ እሳቸው በሚያውቁት መንገድ ጾሙ። ገንፎውን የበሉት ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማደንዘዣ ለመስጠት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወደ ከሰዓት አዛወርናቸው። በማግስቱ አንዲት ክርስቲያን እናት "ጾሜ ነው፣ ቅቤ የሌለው ሽሮ ነው የበላሁት" አሉን። ሁለቱም አልዋሹም። ከዚያ ወዲህ የምንለው "ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳይቀምሱ" ነው። ጠዋት ደግሞ አንድ በአንድ እንጠይቃለን፦ ምግብ? ወተት? ቡና? ጸበል? ጫት? ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምር የማደንዘዣ ባለሙያው ማወቅ አለበት።

ሰዓቱም ያጣላል። ለፈረንጆቹ 8 ሰዓት የሆነው ለሲስተር 2 ሰዓት ነው። መድኃኒት የሚሰጥበትን ሰዓት ስንጽፍ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ብለን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። የቀጠሮ ካርድ በኢትዮጵያ ቀን ይጻፍ። ስምም ከነአባትና ከነአያት ይሁን፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ የሁለት ሰው ካርድ ሊቀያየር ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር። አገራችን ሰው "አዎ" ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። አብሮን የመጣ አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሽተኛዋ ትንፋሽ ያጠራት መስሎት ኦክስጅን ሊያደርግላት ተነሣ። እሷ የምትለው "አዎ፣ ደህና ነኝ" ነበር። ለቡድናችሁ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው።

ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ የሚያስፈራው አንገት ውስጥ የሚጠራቀም ደም ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፣ መተንፈሻውን ይጫናል። ስፌቱን እዚያው አልጋው ላይ መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ መቀስና መቆንጠጫ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን እናስራለን። ለአስታማሚውም ይነገር፦ አንገቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወዲያው ጩኹ። ከንፈርና ጣት ላይ መደንዘዝ ካለ ደግሞ ካልሲየም ወርዶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ኦፕራሲዮን ከመነሻችን ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ነው። በመሄጃው ጠዋት "አንድ ብቻ እንጨምር" የሚል ሐኪም ካለ፣ እምቢ በሉት። እኔ እምቢ ብያለሁ።

ሐኪሞቹንም ይህን ጠይቋቸው፦ እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በሽተኛዋ ዕድሜ ልኳን በየቀኑ ታይሮክሲን፣ ማለትም የወጣውን የአንገት ዕጢ ሆርሞን የሚተካ ኪኒን፣ መዋጥ አለባት። ኪኒኑ በምትኖርበት ወረዳ ይገኛል? ዋጋውን ትችላለች? መልሱ "አይገኝም" ከሆነ፣ በሽታው የሚፈቅድ ሲሆን፣ የእኛ ሐኪሞች የዕጢውን ግማሽ ይተዋሉ። ይህ ውሳኔ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት፣ የአገሩ ሐኪም ባለበት ነው የሚወሰነው። እሱ ነው ስድስት ወር ቆይቶ የሚያያት።

የተሠራላቸውን ሁሉ ስም፣ የተሠራውንና ስልካቸውን አንድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ለዋርዱ ተዉ። እኔ በ10ኛው ቀንና በሦስተኛው ወር ለሲስተር እደውላለሁ። ደብተሩን ገልጣ አንድ በአንድ ትነግረኛለች። በዚያው ስልክ የሚቀጥለውን ዓመት ዝርዝር እንጀምራለን።

እናንተም ቤታችሁ ገብታችሁ የወባውን ኪኒን አታቋርጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በሰኔም ቢሆን ትኩሳት ቢይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ መጀመሪያ የምትሉት "በጥር ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ አድርጉልኝ" ነው። እነሱ ጉንፋን ነው ብለው ሊልኳችሁ ይችላሉ። ደሙ እስኪታይ አትውጡ።