ቶሎ የማይበጠስ የብርጭቆ ዶቃና የሰንሰለት ሐብል አሠራር

የዶቃ ሐብል ተበጠሰ ሲባል ብዙውን ጊዜ ዶቃው ተሰብሮ አይደለም። ወይ ቀለበቱ አፉን ከፍቷል፣ ወይ የዶቃው ቀዳዳ ክሩን በልቶታል፣ ወይ ሰንሰለቱ መቆለፊያው አጠገብ ተስቦ ለቋል። ስለዚህ እዚህ ስለ ቀለም ጥቂት፣ ስለ መጋጠሚያ ብዙ ተጽፏል። ምሳሌ የሚሆነን ፊቱ በ6 ሚሊሜትር የብርጭቆ ዶቃ፣ ጀርባው በሰንሰለት የሚሠራ፣ ለአዋቂ ሴት 50 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ሐብል ነው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- 6 ሚሊሜትር የብርጭቆ ዶቃ፣ 21 ፍሬ (25 ግዙ፤ ቀዳዳው የጠበበ ወይም የተሸረፈ አይጠፋም)
- 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ወይም የመዳብ ሽቦ፣ 1 ሜትር
- የአንዱ ዘለላ ቁመት 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሰንሰለት፣ 30 ሴንቲሜትር
- ከ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ የተሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር 5 ሚሊሜትር የሆነ ክፍት ቀለበት፣ 4 ፍሬ ከነመጠባበቂያው 6
- ስፕሪንግ ያለው መቆለፊያ፣ 1
- አፉ ክብና ሹል የሆነ ፒንሳ፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ሌላ ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ

ክብ አፍ ያለው ፒንሳ ካልተገኘ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሚስማር በአሸዋ ወረቀት ተወልውሎ ያገለግላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ ግን ጥርስ ስላለው ሽቦውን ይነክሰዋል፤ አፉን በፕላስተር ሳትጠቀልሉ አትጠቀሙበት። የተነከሰ ሽቦ መልኩ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው በተነከሰበት ቦታ ነው።

ዶቃውን መፈተን

ዶቃ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ ጠረፍ የሚነሳው የግመል ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ ዶቃም ከሌላው ሸቀጥ ጋር በዚያ መንገድ ይመጣ ነበር። ዛሬ ከአጣዬ ብዙ በማይርቀው በሰንበቴ የእሁድ ገበያ፣ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ፣ አለዚያም መርካቶ ወርዶ መግዛት ይቻላል። የትም ይገዛ፣ ብርጭቆ ነው ተብሎ ፕላስቲክ እንዳይሰጣችሁ መፈተኑ አይከፋም። ብርጭቆ ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ይቀዘቅዛል፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጠጠር ያለ ድምፅ አለው። ቢያጠራጥር አንዱን በጋለ መርፌ ንኩት፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ይሸታል።

ቀለሙ ከውስጥ የመጣ ነው ወይስ ከላይ የተቀባ? ሁለት ፍሬ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሳድሩና በነጭ ጨርቅ አሹት። ጨርቁ ከቀለመ ያ ዶቃ በላብም ይለቃል፤ ነጭ ቀሚስ ላይ የሚወርደው እሱ ነው። ለጥበብ ልብስ የሚሆን ቀለም ስትመርጡ የጥለቱን ክር ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ከሱቅ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን አስተያዩት። አምፖል ሥር አንድ የመሰለ አረንጓዴ ደጅ ሲወጣ ሁለት ይሆናል።

ከዚያ ቀዳዳው። ሽቦውን በእያንዳንዱ ዶቃ አሳልፉ፤ እየገፉ ካልሆነ የማይገባውን ለዩት። በእጅ የተሠራ የብርጭቆ ዶቃ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ዱቄት ሊኖረው ይችላል፤ ብርጭቆው ሲሠራ ከብረት ዘንጉ ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር ቅሪት ነው። ውኃ ውስጥ እንዳለ በሽቦ ጠርጉት እንጂ ደረቁን አትፈርፍሩት፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። በመጨረሻ የቀዳዳውን አፍ ዳር በመርፌ ጫፍ ዙሩት። መርፌው የሚያዝበት ሹል ዳር ካለ ያ ዶቃ ለሽቦ ሥራ ይሆናል፤ ለክር ግን አይሆንም።

ሰንሰለትና ሽቦ

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣም ይበቃል። ሰንሰለቱ ማግኔት ላይ ጥብቅ ብሎ ከተያዘ ውስጡ ብረት ነው፤ ቅቡ ሲለቅ ይዝጋል። ለደጋ ሰው፣ በሹራብ ላይ ለሚደረግ፣ እንዲህ ያለው ሰንሰለት ለጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ሸዋ ሮቢት ለሚለብሰው ግን ላቡ ቅቡን ቶሎ ያወርደዋል፤ እዚያ ስቴንለስ መግዛት ያዋጣል። ነሐስና መዳብ አይዝጉም፤ ነገር ግን ላብ ሲነካቸው አንገት ላይ አረንጓዴ ምልክት ይተዋሉ። ምልክቱ በሳሙና ይለቃል።

ሞተር ከሚጠመጥሙ ሰዎች የሚገኘው የመዳብ ሽቦ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ እንዳይጠቁር ይጠብቀዋል። ጉድለቱ ልስላሴው ነው። አንዱን ጫፍ በፒንሳ ይዛችሁ ሽቦውን በታጠፈ ጨርቅ መካከል ሦስት አራት ጊዜ ሳቡት፤ ይቀናል፣ ጠንከርም ይላል። እሳት ላይ ግን አታድርጉት። ቫርኒሹ ይቃጠላል፣ መዳቡም ይብስ ይለሰልሳል።

ጆሮ ማውጣት

ጆሮ የምንለው በዶቃው በግራና በቀኝ የሚወጣውን የሽቦ ክብ ነው። ሐብሉ የሚያምረውም የሚጠነክረውም እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ለመለማመጃ ብታጠፉ፣ ሽቦው እንጂ ዶቃው አይባክንም።

ሽቦውን ከጥቅልሉ አትቁረጡት። ከጫፉ 11 ሚሊሜትር ለክታችሁ በጠፍጣፋው ፒንሳ ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሆን እጠፉት። አሁን በክቡ ፒንሳ የሽቦውን ጫፍ ይዛችሁ ከታጠፈበት በተቃራኒ አቅጣጫ ጠቅልሉት፤ ጫፉ ዞሮ የታጠፈበትን ቦታ ሲነካ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ያለው ክብ ይወጣል። መጀመሪያ ማዕዘን ማውጣቱን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ክብ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ዶቃ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

ዶቃውን ከጥቅልሉ ወገን አስገብታችሁ ወደ ጆሮው አስጠጉ። በሌላው በኩል ሽቦውን በአውራ ጣት ቀጥ ባለ ማዕዘን አጥፉ፣ 11 ሚሊሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ እንደ ፊተኛው ጠቅልሉ። ስትቆርጡ የሚወድቀውን ጫፍ በጣት ከልሉት፤ ትንሿ ቁራጭ ወደ ዓይን ትፈናጠራለች። ከጥቅልሉ እየተቆረጠ ሲሠራ አንድ ዶቃ 3 ሴንቲሜትር ያህል ሽቦ ይወስዳል፤ ለ21ዱ 63 ሴንቲሜትር ነው፣ ቀሪው ለልምምዱ።

የክቡ ፒንሳ አፍ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ስለሆነ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የያዘ ሰው ጆሮው አንድ አይሆንለትም። 3 ሚሊሜትር የሚሆነውን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉና ሁልጊዜ እዚያው ያዙ። ሁለቱ ጆሮዎች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አብረው ሊተኙ ይገባል፤ አንዱ ከቆመ በሁለት ፒንሳ ጆሮ ለጆሮ ይዛችሁ መልሱት። በዶቃውና በጆሮው መካከል የወረቀት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ተዉ። ጭራሽ ካልተወ ፒንሳው ሲጫን የብርጭቆው ዳር ይሸረፋል። ከአንድ ሚሊሜትር ካለፈ ደግሞ ዶቃው እየተንሸራተተ ሽቦውን አንድ ቦታ ደጋግሞ ያጥፈዋል፣ መዳብ ደግሞ በመታጠፍ ብዛት ይሰበራል።

ማገጣጠም

አንድ ዶቃ ከነጆሮዎቹ 13 ሚሊሜትር ገደማ ይወስዳል። 21 ሲያያዙ 27 ሴንቲሜትር ያልፋሉ፤ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ሰንሰለት፣ ቀለበቶቹና መቆለፊያው ሲጨመሩ 50 ይሞላል። ሌላ 5 ሴንቲሜትር ሰንሰለት ከቀለበቱ ወገን በኋላ ቢንጠለጠል፣ ቀጭን የሸማ ቀሚስም ሆነ ወፍራም ሹራብ ለብሶ እንደ አንገትጌው ማጥበቅና ማስረዘም ይቻላል። በደጋው አገር ይህን መተው ስስት ነው።

ሁለቱን የሰንሰለት ቁራጮች በማስመሪያ አትመኑ። የመጀመሪያውን ቆርጣችሁ የጫፉን ዘለላ መርፌ ላይ ስቀሉት፤ ያልተቆረጠውንም አጠገቡ ስቀሉና የፊተኛው ጫፍ የሚያልቅበትን ዘለላ እዩ። ከዚያ በታች ያለውን ዘለላ መሥዋዕት አድርጋችሁ ቁረጡት። አንድ ዘለላ ከተዛነፈ የሐብሉ መሐል ወደ ጎን ይሸሻል።

ቀለበት ሲከፈት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይለጠጥም። በሁለት ፒንሳ ግራና ቀኙን ይዛችሁ አንዱን ወደ እናንተ፣ ሌላውን ወደ ፊት ግፉ፤ ክቡ ሳይበላሽ አፉ ወደ ጎን ይከፈታል። የተለጠጠ ቀለበት ሲመለስ ሞላላ ይሆናል፣ ጫፎቹም ዳግም በትክክል አይገናኙም። ስትዘጉ ጫፉን ትንሽ አሳልፉትና መልሱት፤ ሲነካካ ትንሽ ጠቅ ሲል ይሰማል። ዶቃዎቹን ስታያይዙ ጆሮውም የሚከፈተው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዶቃው ወደ ሰንሰለቱ በየጎኑ አንድ ቀለበት፣ ከሰንሰለቱ ወደ መቆለፊያው አንድ፣ ከሌላው ሰንሰለት ወደ ማስረዘሚያው አንድ። የጫፉን ጆሮ በቀጥታ ሰንሰለቱ ላይ መስካት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለበት ካለ ለጥገና ይቀላል። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ወደ ብርሃን አንሡና እዩ። በስንጥቁ ብርሃን ካሳለፈ ቀጭኑ ዘለላ አንድ ቀን ያንን በር ያገኘዋል። ከዚያ ያረጀ ነጠላ በላዩ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡበት፤ ክር የሚመዝ ቦታ ካለ የሽቦ ጫፍ ወጥቷል ማለት ነው፣ በጠፍጣፋው ፒንሳ አስገቡት። በመጨረሻ ግማሽ ኪሎ ጨው በፌስታል አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ስቀሉበት። የተከፈተ ጆሮ ቢገኝ ቤት ውስጥ መገኘቱ ይሻላል።

በክር መሥራት ለሚፈልግ

2 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ጨሌ በሽቦ ጆሮ አይሠራም፤ ለእሱ ክር ነው። ጠንካራ የናይለን ስፌት ክር ወስዳችሁ በንብ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ሳቡት። ሰሙ ክሩን ከመላላጥና ከመቋጠር ይጠብቀዋል፤ የሱቅ ሻማ ግን ይፈረፈርና ቀዳዳውን ይሞላል። ለ28 ሴንቲሜትር የዶቃ ሰልፍ 1 ሜትር ከ20 ክር ተጣጥፎ ይበቃል። ትልልቅ ዶቃ ከገባ በመካከሉ አንድ ጨሌ ጣልቃ አድርጉ፤ የትልቁ ሹል አፍ ከክሩ ይልቅ ከጨሌው ጋር ይጋጠማል። ክሩን የሰንሰለቱ የጫፍ ዘለላ ውስጥ ሦስት ጊዜ አዙራችሁ ቋጥሩ፣ ከዚያ ትራፊውን በአምስት ስድስት ዶቃ መልሳችሁ አሳልፉ። 2 ሚሊሜትር ላላ ይበል፤ ተወጥሮ ከተቋጠረ ሐብሉ አንገት ላይ ይገተራል፣ ክሩም ቶሎ ይበላል። ቋጠሮው ላይ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ክሩን ያደርቀውና አጠገቡ ይሰበራል፣ ብርጭቆውንም ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይሻላል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ለመድረቅ ስለሚዘገይ አዳሩን ተዉት።

መስቀል ወይም ብር ሲንጠለጠል

የማርትሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል። እንዲህ ያለ ክብደት በተራ ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም። ሽቦው 0.8 ይሁን፣ ጆሮው ከተጠቀለለ በኋላ ትራፊው ሥሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተኩል ይጠምጠም። ለአንድ ዶቃ 8 ሴንቲሜትር ሽቦ ያዙ፣ የሚያያዘውንም ሳትጠመጥሙ በፊት አስገቡት፤ ከተጠመጠመ በኋላ አይከፈትም። ዶቃዎቹ ከመገዛታቸው በፊት ቀዳዳቸው 0.8 እንደሚያሳልፍ ሞክሩ። ብሩን ራሱን ግን አትብሱት፤ ዙሪያውን በሽቦ ክፈፉት። ማተብ ላይ መስቀል የምታደርግ ሴት ከሆነች የሁለቱ ርዝመት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይለያይ፤ አለዚያ ክሩ ዶቃዎቹ መካከል እየገባ ቀኑን ሙሉ ይተበተባል።

ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ሐብል አይሠራም። ሰንሰለቱ ሲያዝ አይለቅም፣ ዶቃው ሲለቅ ደግሞ አፍ ውስጥ ይገባል።

አያያዝ

ፀጉር ቅቤ ሲቀባ ሐብሉ ይውለቅ። ቅቤው በዘለላዎቹ መካከል ገብቶ አቧራ ይሰበስባል፤ ሲበላሽ ደግሞ መዳቡንና ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ በጨርቅ መድረቅ አለበት። የጠቆረ የነሐስ ሰንሰለት በሎሚና በጨው ለሁለት ደቂቃ ታሽቶ ወዲያው ቢታጠብ ይመለሳል፤ ይህ ግን ቅብ ላለው ሰንሰለትና ውስጡ በብር ለተቀባ ዶቃ አይሆንም። ሣጥን ውስጥ አይከመር፣ ሚስማር ላይ ይሰቀል። ሰንሰለቱ ከተቋጠረም አትጎትቱት፤ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ቋጠሮው ላይ አድርጉ፣ ሳህን ላይ አስተኙት፣ በሁለት መርፌ ከመሐል ወደ ዳር እያሰፋችሁ ፍቱት፤ ከዚያ ዘይቱን በሳሙና እጠቡ።