የራሳችሁን የኮሚክ አሳሳል ስታይል እንዴት ታዳብራላችሁ?

የአንዳንድ ኮሚክ ሠዓሊዎችን ሥራ ስማቸውን ሳናይ ከአንዲት ገጽ እንለያለን። ይህ መለያ ተቀምጠው የሚፈለስፉት ነገር አይደለም። ሠዓሊው ምን ልሳል፣ ምን ልተው እያለ በየገጹ ሲወስን የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ የምትወዷቸውን ሠዓሊዎች ኮፒ አድርጉ። ነውሩ የሰውን ሥራ የራስ ብሎ ማቅረብ እንጂ ኮፒ አድርጎ መማር አይደለም። ግን አንድ ሰው ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ የዚያ ሰው ጥላ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ከኮሚክ ውጪም ፈልጉ። ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ በማንጋ (በጃፓን ኮሚክ) የታወቀባቸውን ትልልቅ ዓይኖች ሲስል የአሜሪካ ካርቱን ፊልሞች ተጽዕኖ ነበረበት። ኮፒ ስታደርጉ «ይህን ጥላ ለምን እዚህ ጣለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ እውነተኛውን ነገር ሳሉ፦ እጅ፣ የልብስ እጥፋት፣ ወንበር፣ የሚራመድ ሰው። ከኮሚክ ብቻ የሚማር የሌሎችን ስህተት ጭምር ይወርሳል።

አሁን ዋናው ልምምድ መጣ። አንድ ፊት ምረጡና ሦስት ጊዜ ሳሉት። በመጀመሪያው ዝርዝሩን በሙሉ አስገቡ። በሁለተኛው መስመሮቹን በግማሽ ቀንሱ። በሦስተኛው ሰውየው እስከታወቀ ድረስ የቻላችሁትን ያህል አውጡ። አንዱ ቅንድቡን አይነካም፣ ሌላው ፊቱን ሁሉ አጥፍቶ ጥላውን ያስቀራል። እጃችሁ አላጠፋም ያለውን ነገር ልብ በሉ፤ ስታይላችሁ እዚያ አለ። ሄልቦይ የተባለው ኮሚክ ፈጣሪ ማይክ ሚኞላ ገጹን በደማቅ ጥቁር ሸፍኖ ጥቂት ቅርጾችን ብቻ ያሳያል። ግን ታሪኩ አይጠፋብንም። መመዘኛውም ይኸው ነው፦ አንባቢው ፍሬሙ (የገጹ አንድ የሥዕል ሳጥን) ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ወዲያው ካልገባው፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር አልሠራም።

መሣሪያም አሳሳልን ይለውጣል። ፈረንሳዊው ዣን ዢሮ ብሉቤሪ የተባለውን የካውቦይ ኮሚክ በአብዛኛው በብሩሽ ሲሠራ፣ ሞቢየስ በሚለው ስሙ ደግሞ በቀጭን ብዕር ፍጹም ሌላ ዓለም ፈጥሯል። እናንተ ግን ለጊዜው አንድ መሣሪያ ይዛችሁ ለጥቂት ወራት ቆዩበት።

ከዚያ አጫጭር ታሪኮችን ጀምራችሁ ጨርሱ። ሁለት ገጽም ይበቃል። አንድን ገጸ ባህሪ ከፊት፣ ከጎን፣ ሲሮጥና ሲናደድ ደጋግማችሁ ስትስሉት እጃችሁ የራሱን አቋራጭ ያገኛል። ለውጥ ብታዩ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 በጀመረው፣ ፒነትስ በተባለው የቻርልስ ሹልዝ ኮሚክ ላይ ውሻው ስኑፒ መጀመሪያ እንደማንኛውም ውሻ በአራት እግሩ ነበር የሚሄደው። በሁለት እግሩ የቆመው በኋላ ነው።

በየጥቂት ወሩ አንድ የድሮ ገጽ እንደገና ሳሉና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሳታስቡት ተመልሶ የመጣው ነገር የእናንተ ነው። ከፍርሃት የመጣውን ግን ለዩት። እጅ መሳል ስለሚከብድ ሁሉንም ሰው እጁን ኪሱ እንዲከት ማድረግ ስታይል አይደለም። እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ካገኛችሁ የሚቀጥለውን ገጽ በእጆች ሙሉት።