ጎልድፊሽ እንዳይነቅለው አድርጎ የአኳሪየም ተክል ማቆም

ጎልድፊሽ የተባለው ዓሣ ምግቡን የሚፈልገው የአኳሪየሙን ወለል እየቆፈረ ነው። ጠጠሩን በአፉ ያፍሳል፣ የሚበላውን ለይቶ ያስቀርና ሌላውን ይተፋዋል። ማታ የተከሉት ተክል ጠዋት ላይ ተንሳፍፎ የሚገኘው ሥሩ ጠጠሩን ሳይጨብጥ ሥር ሥሩ ስለሚቆፈር ነው። ጠጠር መጨመር ብዙም አይረዳም። የሚሻለው ተክሉን ዓሣው ሊያነቃንቀው ከማይችል ከባድ ነገር ጋር ማያያዝ ነው።

ለዚህ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የተባሉት ተክሎች ተመራጭ ናቸው። ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ዓሣው እምብዛም አይበላቸውም፤ ብዙ ብርሃንም አይፈልጉም። ሁለቱም ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። እንደ ኤሎዲያ ያለ ለስላሳ ተክል ግን የቱንም ያህል ቢታሰር መበላቱ አይቀርም።

ድንጋይ ላይ ለማሰር

1. ቢያንስ ጡጫ የሚያህል፣ ገጹ ሻካራ የሆነ ድንጋይ ይምረጡ። በብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ ይፈትጉት፤ ሳሙና አይንካው። እንጨት ከሆነ ራሱ እስኪሰምጥ ይዘፍዝፉት፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

2. ተክሉን ከነበረበት የፕላስቲክ ዕቃ ያውጡ፤ ሥሩ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ መሰል ነገር ቀስ ብለው ይልቀሙ። ረዣዥም ሥሮችን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ።

3. አግድም የሚያድገውን ወፍራም ግንድ ድንጋዩ ላይ ያስተኙ። የናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር በቅጠሎቹ መካከል እያሳለፉ 4 ወይም 5 ጊዜ ይጠምጥሙ። ተክሉ እንዳይንቀሳቀስ ይጥበቅ፤ ግንዱን እስኪቆርጥ ግን አይሁን። ትርፉን ክር ከቋጠሮው አጠገብ ይቁረጡት፤ የላላ ክር የዓሣውን ክንፍ ይይዛል።

የጥጥ ክርም ይሠራል፤ ነገር ግን በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። አኑቢያስ ደግሞ አዳጊነቱ ዘገምተኛ ነው፤ ሥሩ ድንጋዩን ለመያዝ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጎልድፊሽ ባለበት ናይለን ይሻላል።

በክር ፋንታ ወፍራም፣ ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ መጠቀም ይቻላል፤ ማሸጊያው ላይ ሳይኖአክሪሌት መባሉን ያረጋግጡ። ድንጋዩንና የግንዱን የታችኛውን ገጽ በጨርቅ ያድርቁ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ 2 ወይም 3 ጠብታዎች ያድርጉ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከደቂቃዎች በኋላ ውኃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሙጫው ነጭ ቢሆን አያሳስብም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግንዱን ጠጠር ውስጥ መቅበር ነው። የተቀበረ ግንድ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ቅጠሎቹም ከነእግራቸው ይረግፋሉ። እንዲህ ከሆነ የበሰበሰውን ሁሉ በስለት ቆርጠው ጠንካራውን ክፍል እንደገና ድንጋዩ ላይ ይሰሩት።

ወለል ለሚፈልጉ ተክሎች

ቫሊስኔሪያን የመሰለ ተክል የሸክላ ማሰሮ ይፈልጋል። ያልተቀባና ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ይበቃል። ከታች ያለውን ቀዳዳ በስፖንጅ ይድፈኑ፣ በታጠበ አሸዋ ይሙሉት፣ ለሥር የሚሆን የማዳበሪያ እንክብል ወደ ታች ያስገቡ። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከአሸዋው በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከዚያ አሸዋውን በለስላሳ ድንጋዮች ይሸፍኑ። ድንጋዮቹ ወደ ዓሣው አፍ ከቶ የማይገቡ ይሁኑ፤ በግማሽ የሚገባ ጠጠር ጉሮሮ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ዓሣ የሌለበት ዕቃ ካለ፣ ማሰሮውን እዚያ 3 ወይም 4 ሳምንት አቆይቶ ሥር እንዲሰድ ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ግንድ ላይ የሚጠመጠመውን የብረት ክብደት አንመክርም፤ የያዘውን ቦታ ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀው ቦታ ሲበሰብስም የላይኛው ክፍል ይንሳፈፋል።

ውኃ ሲቀይሩ ወይም አኳሪየሙን ሲያጸዱ ድንጋዩን ወይም ማሰሮውን ይዘው ያንሡ እንጂ ተክሉን አይጎትቱ። አዲስ የያዘ ሥር በአንድ መጎተት ይላቀቃል።