ጉንፋን የያዘውን ልጅ ለማስከተብ

«ሲስተር፣ ጉንፋን ይዞታል፤ ሲሻለው ላምጣው?» ደብረ ብርሃን በክትባት ክፍል ስሠራ ክረምት ከገባ ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። መልሴ አጭር ነው፦ ዛሬውኑ አምጪው። በዚህ ብርድ ንፍጡ የደረቀለት ሕፃን እስኪገኝ ከጠበቅን የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ዓመት ሊያልፈው ነው።

ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ልጁን እይው። ይጠባል? ሲጠሩት ዞር ይላል? እንግዲያው ንፍጥ፣ ሳል፣ ቀላል ተቅማጥ ወይም ከ38.5 ዲግሪ በታች የሆነ ትኩሳት አያስቀረውም። አንቲባዮቲክ እየወሰደ ቢሆንም እንዲሁ። ክብደቱ ያነሰ ልጅማ ከማንም ይልቅ ክትባቱ ያስፈልገዋል፤ ኩፍኝ የሚበረታው እንዲህ ባለው ላይ ነውና። ጡት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ቀጥታ ወደ ሕክምና ክፍል ውሰጂው፤ ክትባቱ በኋላ ይደርሳል።

ስትገቢ ካርዱን አሳዪ፤ ሕመሙንም አትደብቂ። ቀድሞ ተከትቦ ወዲያው ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ከነበረ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሪን። ተቅማጥ ካለበት የፖሊዮ ጠብታውን ሰጥተነው ሌላ ተጨማሪ ጠብታ ልንቀጥርለት እንችላለን። «መጀመሪያ ይዳን» ብሎ የሚመልስሽ ባለሙያ ካጋጠመሽ (አይጠፋም!) ምክንያቱን ጠይቂ፤ ቀጠሮ ሳታስጽፊም አትውጪ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ስለሚጣል፣ በተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚከትቡ ቦታዎች አሉ፤ የሚከፈትበትን ቀን አጣሪ።

ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት) የተወጋ ልጅ ማታውን ወይም በማግስቱ ሊያተኩሰው ይችላል። የኩፍኙ ትኩሳት ግን የሚመጣው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚያው ሌሊት ሳሉ ቢብስ ጉንፋኑን እንጂ መርፌውን አትውቀሺ። ጡት አብዢለት፤ ፓራሲታሞል የምትሰጪው በኪሎው ልክ ባለሙያ ባዘዘልሽ መጠን ነው። በተወጋበት ቦታ ላይ ቅቤም ሆነ ቡና እንዳትቀቢ።

ቀጠሮው ካለፈ አፍረሽ አትቅሪ። ከስድስት ሳምንቱ ክትባት እንደ አዲስ አንጀምርም፤ ከቆመበት እንቀጥላለን። ካርዱ ቢጠፋም ነይ፣ ከመዝገባችን እንፈልገዋለን።