ደጋግሞ የሚወልቅ የልጆች የጉልበት ሎሚ፦ ችግርና መፍትሄ

ሎሚው ወልቆ አልመለስ ሲል

ሎሚ፣ ማለትም ከጉልበት ፊት ያለው ክብ አጥንት፣ የሚወልቀው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወደ ውጪ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት በአንድ እግሯ የዞረች ልጅ ወይም ኳስ ሊመታ የተጠማዘዘ ልጅ ድንገት ይወድቃል፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ልጁን ቁጭ አድርጉት፤ እግሩን ቀስ እያላችሁ ዘርጉ፣ በአውራ ጣታችሁም ሎሚውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። በኃይል አይሆንም፤ እንቢ ካለ ደግፋችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከተመለሰ በኋላ ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ይቅር። ጉልበቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም አለ፤ የልም አጥንት (የአጥንት ጫፍን በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ስባሪም ሊኖር ይችላል። ራጅ ንጹህ መስሎ ስባሪው ሊያመልጠው ስለሚችል፣ እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ጉልበቱ ከተቆለፈ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ ምስል) ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ ሎሚ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በፊዚዮቴራፒ ይታከማል። ትልቅ ስባሪ ካለ ግን ሳይቆይ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲወልቅ

ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር በውስጥ በኩል የሚያያዘው ጅማት ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ዋና ሥራው ጉልበቱ ከተዘረጋበት እስከ 30 ዲግሪ እስኪታጠፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሎሚው በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ስለሚገባ አጥንቱ ራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ቦዩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሎሚው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ወይም ጉልበቶቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ከሆነ ጅማቱን ብቻ መጠገን አይበቃም።

የሚታዘዘው ራጅ ሦስት ዓይነት ነው፦ ጉልበቱ 30 ዲግሪ ታጥፎ ከጎን፣ ሎሚውና ቦዩ ከላይ ሲታዩ፣ እና ልጁ ቆሞ ሎሚዎቹ ፊት ለፊት እያዩ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የጉልበቶቹን መጋጨት በቁጥር የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

ልጅ ከአዋቂ የሚለየው የት ላይ ነው

ልጁ ገና እያደገ ነው። የጭን አጥንት የሚረዝምበት የማደጊያ መስመር ጅማቱ ከሚተከልበት ቦታ በሚሊሜትሮች ብቻ ይርቃል። በሴቶች ወደ 14፣ በወንዶች ወደ 16 ዓመት አካባቢ እስኪዘጋ ድረስ ሁለት የአዋቂ ቀዶ ሕክምናዎች አይነኩም። አንዱ የሎሚው ጅማት ከታች የሚያርፍበትን የቅልጥም ጉብታ ቆርጦ ማዛወር ነው፤ የጉብታው ማደጊያ ቀድሞ ይዘጋና ጉልበቱ ወደ ኋላ ይቆለመማል። ሌላው ቦዩን መቆፈር ነው።

የሚመረጠው ጅማቱን እንደገና መሥራት ነው። ከጭኑ ጀርባ ቀጭን ጅማት ይወሰዳል። በጭን አጥንት ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከማደጊያ መስመሩ በታች ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነብላል፤ ቦታው በቀዶ ክፍል ራጅ ከፊትና ከጎን ሳይታይ መብሻ አይነሳም። ሎሚው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ማሳለፍ ስብራት ያመጣል፤ ትናንሽ ቀዳዳ ወይም መልህቅ (ጅማቱን አጥንቱ ላይ የሚይዝ ትንሽ ማያያዣ) ይሻላል።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከማጥበቅ ነው። አዲሱ ጅማት በመንዝ ሜዳ እንደታሰረ በግ ገመድ ነው፦ በጉ ሲግጥ ይላላል፣ ከወሰን ሲወጣ ብቻ ይይዘዋል። ጉልበቱ 30 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ ሎሚው ቦዩ ውስጥ ሳለ ይታሰራል። ከዚያ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል፤ ሎሚውም ወደ ውጪ የወርዱን ሩብ ያህል መንቀሳቀስ አለበት።

ጉልበቶቹ የሚጋጩ ከሆነ

መጀመሪያ ሪኬትስ (የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ይፈለግ፣ ካለ ይታከም። ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድገት ለቀረው ልጅ በውስጥ በኩል ትንሽ ብረት በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ የውጪው ጎን እያደገ እግሩ ይቃናል። በየሦስት ወሩ ካልታየ ወደ ተቃራኒው ይጎብጣል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚመጣ ቤተሰብ የቀጠሮውን ወጪ አስቀድሞ ካላሰበ ብረቱን ባያስገባ ይሻለዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

*አልታጠፍ አለ፦* ጅማቱ ጠብቋል፣ ወይም የጭን ቀዳዳው ወደ ላይ ሄዷል። በፊዚዮቴራፒ ካልተለወጠ ይላላል ወይም ይቀየራል።

*እንደገና ወለቀ፦* የአጥንቱ መንስኤ ተትቷል፣ ወይም የተሠራው የውጪውን ማሰሪያ ማላላት ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ሎሚን አይዝም።

*በታጠፈ ቁጥር ይወልቃል፦* የፊት ጭን ጡንቻ አጭር ነው። ጡንቻው ሳይረዝም አዲስ ጅማት አይቆይም።

የፊት ጭን ጡንቻን እያጠበቁ የመልቀቅ ልምምድ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር፤ 90 ዲግሪ መታጠፍ በ6 ሳምንት ገደማ ይጠበቃል። ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ላይ ወንበር ይደረግ፤ ስግደትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። በጣርማበርና በደብረ ሲና ቁልቁለት ሲወረድ ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ፤ ዳገት ሲወጣ ጤነኛው። ኳስ ከ6 ወር በፊት አይታሰብ፤ ከዚያም በኋላ የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ ከሌላው እግር ጋር ሲስተካከል ነው። ብዙዎች ትምህርት እንዳያመልጥ ሐምሌን ይመርጣሉ፤ በክረምት ጭቃ ላይ በክራንች መሄድ ግን ለአዲስ ጅማት አደገኛ ነው፤ መንገዱ የሚደርቅበት ኅዳር ይሻላል።