የማንኮራፋት መሣሪያ ስታሠሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጥርስ አክማለሁ። የአዳማ ፍጥነት መንገድ መነሻ ስለሆነ ብዙ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይመጡብኛል። ስለ ማንኮራፋት ግን ቀድመው የሚያወሩኝ ሚስቶቻቸው ናቸው።

በአፍ የሚደረገው መሣሪያ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ ይዞ፣ የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደ ፊት ያወጣል። ምላስም አብሮ ስለሚወጣ ከኋላው ያለው የአየር መንገድ ይሰፋል። በደንብ ከተሠራ ይሠራል።

ትልቁ ስህተት ሳይመረመሩ ማሠራት ነው። እባካችሁ ይሄን ስሙኝ። ማንኮራፋት ድምፅ ነው። ስሊፕ አፕኒያ ደግሞ የትንፋሽ መቋረጥ ነው፦ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ አየር ይቆማል፣ ሰውየው ሳይታወቀው ይባንናል፣ መልሶ ይተኛል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። አፍ ከፍቶ በማየት ብቻ ይሄን ቁጥር ማንም አያውቀውም። የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልጋል።

አንድ የሲኖ ሾፌር መሣሪያውን ሌላ ቦታ አሠርቶ መጣ። ሚስቱ «ዶክተር፣ ከማንኮራፋቱስ ተገላገልን፤ ግን ቁርስ ላይ ጉርሻውን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል» አለችኝ። እኔ ጓንት እስካደርግ ድረስ እሱ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። ሲመረመር ከባድ አፕኒያ ሆኖ ተገኘ። ድምፁ ስለጠፋ በሽታውም የጠፋ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ነበር! ለከባዱ ዓይነት የመጀመሪያው ሕክምና አየር የሚገፋው ሲፓፕ ማሽን ነው። የአፍ መሣሪያው የሚመጣው ማሽኑን መልመድ ላቃተው ሰው ነው። መሣሪያውን ከለመዳችሁም በኋላ አፋችሁ ውስጥ አድርጋችሁት እንደገና ተመርመሩ። ወጣት የሙያ ባልደረቦቼም ምርመራ ሳታዩ ልኬት አትውሰዱ።

በቴሌግራም የሚሸጠውን፣ በሙቅ ውሃ አለስልሰው የሚነክሱትን አትግዙ። በልካችሁ አልተሠራም፤ ሌሊት ይወልቃል።

የተቦረቦረ ጥርስና የሚደማ ድድ ይዛችሁ አታሠሩ። መሣሪያው ጥርስን ተደግፎ ነው የሚሠራው፤ የሚነቃነቅ ጥርስ አይሸከመውም። መጀመሪያ ጥርሳችሁን አሳጥቡ፣ የሚሞላውን አስሞሉ።

መሣሪያው ላይ ያለችውን፣ መንጋጋን ወደ ፊት የምታወጣውን ማስተካከያ ቡሎን ቶሎ ቶሎ ማዞርም ሌላ ስህተት ነው። ጉጉቱ ይገባኛል፤ ሁሉም ዛሬውኑ መዳን ይፈልጋል። መንጋጋ ግን ከሚሊ ሜትር ባነሰ እርምጃ፣ በሳምንታት ነው የሚለምደው። የቸኮለ ሰው ጆሮው ሥር ያለው መገጣጠሚያ ታሞበት ከነጭራሹ ይተወዋል።

ጠዋት ጥርሳችሁ አልገጥም ቢላችሁ አትደንግጡ። መንጋጋችሁን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ በቀስታ ንከሱ፤ ብዙውን ጊዜ ቁርስ ሳይደርስ ይመለሳል። በዓመታት ውስጥ ግን ጥርስ በጥቂቱ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ክትትል አታቋርጡ።

ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው የሚሠራው ጠፍጣፋ መከላከያ ሌላ ነገር ነው። መንጋጋን ወደ ፊት አያወጣም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እንዲያውም አፕኒያውን ያባብሰዋል።

ስታጥቡት በፈላ ውሃ አይሁን፤ ቅርጹ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል።